በብርድና በዝናብ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚሆን ጓንት አመራረጥ

በክረምት ወራት በስሜን ተራሮች ወይም በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ ካሜራ ይዞ የሚውል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚከዳው እጁ ነው። ካፖርቱ ሙቀት ይዞለት፣ ጫማውም ውኃ ሳያስገባበት ቆይቶ፣ ጣቶቹ ግን በቆፈን ይያዙና የሹተሩን (የፎቶ ማንሻውን) ቁልፍ እስከ እኩሌታው ተጭኖ መቆየት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜም ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረው ቀይ ቀበሮ ከፊቱ አልፎ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ይህ ከደረሰብን በኋላ የምንፈልገው ወፍራም ጓንት ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የበረዶ አገር ጓንት ይልክልናል፣ ወይም ተመሳሳዩን ከልባሽ ጨርቅ ተራ እንገዛለን። ርካሹ ዓይነት ከሆነ በመጀመሪያው ካፊያ ውኃ ይጠጣና እስከ ማታ አይደርቅም፤ ጣቱም ድፍን ስለሆነ አንዱን ቁልፍ ከሌላው በዳሰሳ ለመለየት አያስችልም። ያ ጓንት የተሠራው ለደረቅ ብርድ ሲሆን፣ የደጋችን ክረምት ግን እርጥብ ብርድ ነው። ስለዚህ ጓንት የሚመርጥ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ስለ ውኃው፣ ቀጥሎ ስለ ጣቶቹ ሥራ፣ ስለ ሙቀቱ ደግሞ በመጨረሻ እንዲያስብ አጥብቄ እመክራለሁ።

1. የሚሄዱበትን ብርድ ይወቁ

የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከጎባ ከተማ ተነስቶ ወደ ሳነቴ የሚወጣ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ሲደርስ፣ ከተማው ውስጥ ከተሰማው 8 ዲግሪ ገደማ የባሰ ብርድ ይጠብቀዋል፤ ነፋሱ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚታሰብ ነው። ነገር ግን የሙቀት መለኪያው ቁጥር ብቻውን ጓንት አያስመርጥም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ያድርና ሣሩ በጠዋት አመዳይ ለብሶ ይገኛል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፣ አየሩ ግን ደረቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ መለኪያው ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ እያሳየ፣ ጭጋግ፣ ካፊያና ነፋስ ተባብረው እጅን ከውርጩ ጠዋት ይልቅ ፈጥነው ያደነዝዙታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውኃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ረጋ ካለ አየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ነው። የጓንት ሙቀት የሚመጣው በጨርቁ ውስጥ ከታሰረው አየር ስለሆነ፣ ያን አየር ውኃ ሲተካው ጓንቱ የቱንም ያህል ቢወፍር እጅን ማሞቁ ይቀራል፤ ውኃው በነፋስ እየተነነ ሲሄድም ተጨማሪ ሙቀት ከእጅ ይወስዳል።

በደረቁ ወቅትም ቢሆን እርጥበት ፈጽሞ አይጠፋም። ጭላዳዎችን ከዓይናቸው ቁመት ለማንሳት አመዳይ በለበሰ ሣር ላይ የተንበረከከ ሰው፣ ፀሐይ እንደወጣች መዳፉና ጉልበቱ ርሶ ያገኘዋል። ሌላው የተለየ ሁኔታ የጥምቀት በዓል ነው። ጥር 11 ቀን ጎንደር በሚገኘው የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከንጋት በፊት ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ የጠዋቱ ብርድ ያገኘዋል፤ ውኃው ተባርኮ ወደ ሕዝቡ መረጨት ሲጀምር ደግሞ ከራስ እስከ እግሩ ይርሳል። እዚያ የሚያስፈልገው ረጥቦም ካሜራውን አጥብቆ የሚይዝ ስስ ጓንት እንጂ የሚያሞቅ ጓንት አይደለም።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎችም ይህንኑ ልዩነት ይመልከቱ። የሚኒያፖሊስ ክረምት ደረቅና ከዜሮ እጅግ በታች በመሆኑ ወፍራሙ የበረዶ ጓንት እዚያ ቦታውን ያገኛል። የለንደንና የሲያትል ክረምት ግን ከዜሮ በላይ ሆኖ የሚያካፋ ስለሆነ፣ ለጓንት ምርጫ የሚቀርበው ለሳነቴ ነሐሴ ነው።

2. እያንዳንዱ ጣት የሚሠራውን ይለዩ

ካሜራዎን ያንሱና ለጥቂት ደቂቃ እንደ ልማድዎ ፎቶ እያነሱ ጣቶችዎን ይከታተሉ። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ስስ ዳሰሳ የሚፈልጉት ሁለት ጣቶች ብቻ መሆናቸውን ይገነዘባሉ፤ እነርሱም ሹተሩን የሚጫነው የቀኝ እጅ ሌባ ጣትና ከኋላ ያሉትን ቁልፎች የሚያዝዘው የቀኝ አውራ ጣት ናቸው። የቀሩት ሦስት የቀኝ ጣቶች መያዣውን ከመጨበጥ በቀር ሥራ የላቸውም። ግራ እጅ ደግሞ ሌንሱን ከሥር ደግፎ የዙሙን ቀለበት ያዞራል፤ ይህ ሥራ ጉልበት እንጂ ረቂቅ ዳሰሳ አይጠይቅም። በሌላ በኩል የሌንሱን ብረት ቀኑን ሙሉ የሚነካው ግራ እጅ ስለሆነ፣ በንክኪ የሚተላለፈው ብርድ የሚበረታው በእርሱ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ጓንት መልበስ የለባቸውም። እኔ በክረምት ግራ እጄን ውኃ በማያስገባ ወፍራም ጓንት እሸፍናለሁ፣ ቀኝ እጄ ላይ ግን ስሱን አድርጌ በየመሐሉ ኪሴ ውስጥ አሞቀዋለሁ። ይህን ማድረግ ከጀመርሁ ወዲህ በእርጥብ ብርድ የምቆይበት ሰዓት በግልጽ ረዝሟል። ቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች ግን ፎከሱን በግራ እጃቸው ጣቶች ቀስ እያሉ ስለሚያዞሩ፣ የግራቸው አውራና ሌባ ጣትም ስስ ሽፋን ይፈልጋል።

3. ጓንቱ ከምን እንደተሠራ ይመርምሩ

ገንዘብ የሚባክነው በብዛት እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል።

ጥጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲረጥብም አያሞቅም።

ሱፍ የራሱን ክብደት 30 በመቶ ያህል እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ እንኳ የረጠበ ሳይመስል ይቆያል፤ ሲርስም ክሩ ስለማይተኛ የተወሰነ አየር ይዞ ይቀራል። በተለይ ሜሪኖ የሚባለው ስስ ሱፍ ሳይኮሰኩስ ከቆዳ ጋር የሚገጥም በመሆኑ ለውስጠኛ ጓንት ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። ጉድለቱ ነፋስ ማሳለፉና ጫፉ ቶሎ መሳሳቱ ነው።

ፍሊስ ከፖሊስተር የሚሠራ ሲሆን ውኃ አይጠጣም፤ ጨምቀው ቢያራግፉት ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል። ነፋስ ግን እንደ ወንፊት ስለሚያሳልፍ ብቻውን በተራራ ላይ አያዋጣም።

ኒዮፕሪን ጠላቂዎች የሚለብሱት ጎማ መሰል ጨርቅ ነው። በውስጡ የተዘጉ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ስላሉት ውኃ አየሩን ሊተካው አይችልም፤ እጅዎ ቢረጥብ እንኳ ሙቀቱ ይቆያል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የሌባና የአውራ ጣቱ ጫፍ ተከፍቶ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ኒዮፕሪን ጓንት ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለፎቶ አንሺም በትክክል ይስማማል። ላብ ስለማያስወጣ ሽቅብ በሚጓዙበት ሰዓት አውልቀው ቆመው በሚጠብቁበት ሰዓት መልበስ ይገባል። ያለማቋረጥ በሚያካፋ ቀን፣ ብዙም ሳይንቀሳቀሱ ለሚጠብቁ ሰዎች፣ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ይህንን ነው።

ቀጥሎ እንደ ጎርቴክስ ያለ ውኃ የማያስገባ ስስ ሽፋን በውጫዊውና በውስጠኛው ጨርቅ መካከል የተደረገባቸው ጓንቶች አሉ። እነዚህ ውድ ናቸው፣ ሲገዙም ሁለት ነገር ማጣራት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሽፋኑ ውኃ ባያስገባም የላይኛው ጨርቅ ውኃ የማንጠባጠብ ችሎታውን በአገልግሎት ብዛት ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁ ራሱ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ላቡም መውጫ ያጣል፣ እጅም ይበርዳል። ስለዚህ ውኃ የሚከላከለውን ቅባት ወይም ርጭት በየጊዜው ማደስ ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ የውስጡ ጨርቅ ከጣቶቹ ጫፍ ጋር ካልተያያዘ፣ እርጥብ እጅ ሲያወጡ ገበሩ ተገልብጦ አብሮ ይወጣል፤ በጭጋግ መሐል ቆሞ የአምስት ጣት ገበር ወደ ቦታው ለመመለስ መታገል የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ የገበሩን የጣት ጫፍ በዝግታ ወደ ውጭ ሳብ ያድርጉ፤ ተከትሎ ከመጣ ይተዉት።

ቆዳን በተመለከተ የራሳችን አገር የሚኮራበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የሚፈለግ ነው፤ የሰላሌ ስምም በዚህ ንግድ ውስጥ የታወቀ ነው። ከዚህ ቆዳ የተሠራ ገበር ያለው ጓንት ለውርጭ ጠዋት የሚሰጠው ዳሰሳ ከማንኛውም ጨርቅ ይበልጣል፣ ነፋስም አያሳልፍም። ለዝናብ ግን ሰም ወይም የቆዳ ቅባት ካልተቀባ ውኃ ይጠጣል፤ ረጥቦ እሳት አጠገብ ከደረቀም እንደ ቅርፊት ይደርቅና ይሰነጠቃል።

በመጨረሻ በግንባታ ዕቃ መደብሮች የሚሸጠውን፣ በጎማ የተነከረ የሥራ ጓንት አይናቁት። መዳፉ ብቻ የተነከረው ዓይነት ከጀርባው ውኃ ያስገባልና ለጥምቀት ዓይነቱ ቀን ብቻ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ የተነከረውና ውስጡ የሙቀት ገበር ያለው፣ በዓሣ አጥማጆችና በማቀዝቀዣ መጋዘን ሠራተኞች ዘንድ የተለመደው ዓይነት ግን ለግራ እጅ ከበቂ በላይ ነው። እንዲህ ዓይነት የሥራ ጓንቶች ላይ የበረዶ ቅንጣት ሥዕልና ከሥሩ ሦስት ቁጥሮች ካዩ፣ ኢኤን 511 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ የተመረመሩ ናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በአየር የሚመጣን ብርድ፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነገርን በመንካት የሚመጣን ብርድ የመቋቋም አቅም ከ0 እስከ 4 ያመለክታሉ፤ ሦስተኛው 1 ከሆነ በምርመራው ውኃ አላስገባም፣ 0 ከሆነ አስገብቷል ማለት ነው። ለእኛ ክረምት መጀመሪያ የሚነበበው ሦስተኛው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

4. በአንድ ጓንት ፋንታ ድርብ ያዘጋጁ

ሁሉንም የሚያሟላ አንድ ጓንት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ ስስ ዳሰሳና ብዙ ሙቀት በአንድ ጨርቅ አይገኙም። የሚበጀው እጅን ፈጽሞ እርቃኑን የማያስቀር ስስ ውስጠኛ ጓንት አድርጎ፣ በላዩ በቀላሉ የሚወልቅ ውጫዊ መደረብ ነው።

ለደረቅ ውርጭ ከታች የሜሪኖ ጓንት፣ ከላይ አራቱ ጣቶች በአንድነት የሚገቡበትና አውራ ጣት ብቻ የሚለይበት ከረጢት መሰል ጓንት ይስማማል፤ ጣቶች ተጠጋግተው እርስ በርስ ስለሚሟሟቁ ከባለ አምስት ጣቱ ይልቅ ይሞቃል። የጣት ክፍሉ እንደ ክዳን ወደ ኋላ ታጥፎ በቬልክሮ ወይም በማግኔት የሚያዘው ዓይነት ለፎቶ አንሺ ምቹ ነው። በማግኔት የሚያዘውን ከገዙ ጓንቱን በሚያስቀምጡበት ኪስ የባንክ ካርድ ወይም ኮምፓስ አያስቀምጡ። ለእርጥብ ብርድ ደግሞ ቀኝ እጅ ላይ ጫፉ የሚታጠፍ ኒዮፕሪን፣ ግራ እጅ ላይ በሜሪኖ የተደረበ ሙሉ ጎማ የተነከረ ጓንት በቂ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሐኪም ቤት የሚያገለግለውን ስስ የናይትራይል ጓንት በሱፍ ጓንት ሥር ቢያደርግ፣ ሱፉ ቢርስም ውኃው ቆዳውን አይነካውም፤ ላቡ ግን ስለሚጠራቀም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አውልቆ እጁን ማድረቅ ይኖርበታል።

5. ልክዎን ይለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደው መዳፍዎን ከአውራ ጣት በስተቀር በአራቱ ጣቶች ሥር በሚገኙት አንጓዎች ላይ ዙሪያውን ይለኩ። 17.8 ሴንቲ ሜትር ልክ 7፣ 20.3 ልክ 8፣ 22.9 ልክ 9፣ 25.4 ልክ 10 ነው፤ ቁጥሩ በእርግጥ የዙሪያው ልክ በኢንች ነው። ውስጠኛውን በትክክለኛ ልክዎ፣ ውጫዊውን ውስጠኛውን ለብሰው ለክተው ይግዙ። የጠበበ ጓንት ደም ወደ ጣት ጫፍ እንዳይደርስ ስለሚያግድ፣ ወፍራም ሆኖ ከጠበበ ባዶ እጅን ከመተው ብዙም አይሻልም። በሌላ በኩል የሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ትርፍ ጨርቅ ካለ ሹተሩን ሳይፈልጉ ያስነሳል፤ ስለዚህ ይህ አንድ ጣት ብቻ ልክክ ያለ ይሁን።

የጓንቱን አንጓ፣ ማለትም የእጅ አንጓን የሚሸፍነውን ክፍል፣ ርዝመትም ይመልከቱ። ካሜራ ወደ ዓይን ሲነሳ ክንድ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በእጅ ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ክርን ይፈስሳል፤ የጓንቱ አንጓ ረጅም ሆኖ ከካፖርቱ እጅጌ በላይ ሊውል የሚችል ከሆነ ውኃው በውጭ ያልፋል። እጅጌው በጓንቱ ላይ የሚውልበት የተለመደው አለባበስ እጁን ወደ ታች ለሚያደርግ መንገደኛ እንጂ ለፎቶ አንሺ አይሠራም።

6. ካሜራዎን ይዘው ይፈትኑት

ሻጩ ቢያጉረመርምም ካሜራውን ይዘው ይሂዱ። ጓንቱን ለብሰው ሹተሩን እስከ እኩሌታው ተጭነው እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ፎቶ ካነሳ ወይም ፎከሱን ከለቀቀ ጣቱ ወፍራም ነው። መደወያውን አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ ያዙሩ። ባትሪና ሚሞሪ ካርድ አውጥተው ይመልሱ፤ ይህን በጓንት ማድረግ ካልቻሉ በተራራው ላይ ቢያንስ ውስጠኛው ጓንት ሳይወልቅ የሚቻል መሆኑን ያረጋግጡ። ለስልክና ለካሜራ ስክሪን የተሠራ ጫፍ ያላቸው ጓንቶች በደረቅ አየር ይሠራሉ፤ ዝናብ ያረፈበት ስክሪን ግን የውኃውን ጠብታ እንደ ጣት ስለሚቆጥረው፣ በዚህ ተስፋ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ዝናብ ሲጀምር የስክሪኑን ንክኪ ማጥፋት ይሻላል።

ቤት ሲመለሱ ሳፋ በቀዝቃዛ ውኃ ይሙሉ፣ ጓንቱን ለብሰው አንጓው ሳይሰጥም ለአምስት ደቂቃ እጅዎን ይንከሩ፣ ጣቶችዎንም ይጨብጡና ይዘርጉ። ውኃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጣቶች መካከል ባለው ስፌት ነው። ከዚያ እርጥብ ጓንቱን እንደለበሱ ካሜራውን ያንሱ፤ ቢያንሸራትት ለዝናብ አይውልም፣ ምክንያቱም የወደቀ ሌንስ ከቀዘቀዘ ጣት ይልቅ ብዙ ያስወጣል።

7. በሜዳ ላይ

ቀለበት ያውልቁ። ጓንት የሚያደርጉት ጣቶች ከመብረዳቸው በፊት እንጂ ከበረዱ በኋላ አይሁን፤ ጓንት ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ውጫዊውን ጓንት በገመድ ከእጅጌዎ ጋር ያያይዙት፣ የሳነቴ ነፋስ መሬት ላይ የተቀመጠን ጓንት አይመልስም። ሁለተኛ ውስጠኛ ጓንት በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪስ ይያዙ፤ በእኩለ ቀን ደረቁን መቀየር ከማንኛውም ውድ ግዥ ይልቅ ይጠቅማል። ከአሮጌ የሱፍ ካልሲ ቆርጠው የእጅ አንጓዎ ላይ ቢያጠልቁት፣ ወደ ጣት የሚሄደው ደም ከቆዳ በቅርብ የሚያልፍበትን ቦታ ያሞቅልዎታል።

በውስጣቸው የብረት ዱቄት፣ ጨውና ከሰል የያዙ የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች ካሉዎት በእጅ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ወይም በእጅ ጀርባ በኩል፣ ከውስጠኛው ጓንት በላይ ያድርጓቸው። የሚሞቁት ብረቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ በታሸገ የጎማ ጓንት ውስጥ ይደክማሉ፤ በኪስ ውስጥ ግን ለቀኝ እጅ ጥሩ ማረፊያ ይሆናሉ። የትራይፖድ ብረት እግርን ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ቢጠቀልሉት ለእጅ የሚያስተላልፈው ብርድ ይቀንሳል፣ ሲረጥብም አያንሸራትትም።

ጣት ነጥቶ ስሜት ካጣ ፎቶውን ይተዉት። ጣቱን ሳያሹ፣ ከእሳትም ሳያስጠጉ፣ በብብትዎ ሥር ያሙቁት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ወደ ታች ወርደው ሕክምና ይፈልጉ።

ማታ ጓንቱን ገልብጠው በፎጣ ውስጥ ጠቅልለው ይጭመቁት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላም ይስቀሉት። ስሱን ውስጠኛ ጓንት ከጨመቁ በኋላ በመኝታ ከረጢት ውስጥ በሆድዎ ላይ ቢያኖሩት እስከ ንጋት ይደርቃል፤ ኒዮፕሪኑን ግን በንጹሕ ውኃ አጥበው ውጭ ይተዉት፣ በመኝታ ውስጥ አይደርቅምና።